ከወልድያ እስከ ወረታ፦ አንድ አውራ ጎዳናና ጎረቤቶቹ

በመልክዓ ምድርና አካባቢ ጥናት ትምህርት ክፍል ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር በኩል አልፎ ወረታ ላይ ከባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ጋር ስለሚገናኘው አውራ ጎዳና ነው። ርዝመቱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በአንድ ጫፉ ሰሜን ወሎ፣ በሌላው ጫፉ ደቡብ ጎንደር አለ። በሰነድ ላይ የወልድያ–ወረታ መንገድ ይባላል፤ የአገሬው ሰው ግን «የቻይና መንገድ» ይለዋል።

ስለ መንገድ ስንናገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው ሁለቱን ጫፎች ነው። «ይህ መንገድ ይህን ከተማ ከዚያ ከተማ ያገናኛል» እንላለን፤ ነገሩም በዚያው ያለቀ ይመስለናል። እኔ ግን ጥያቄውን ጥቂት ላጠብቀው እወዳለሁ። መንገድ ማንን ከማን ያገናኛል? ወደ መንገዱ የሚመጣውና ከመንገዱ የሚሄደው ምንድን ነው? ከአስፋልቱ የሁለት ሰዓት ቁልቁለት ወርዶ የሚኖረው ገበሬስ ተገናኝቷል እንላለን ወይስ አልተገናኘም?

የማቀርበው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ መንገድ ርቀትን ለሁሉም እኩል አያሳጥርም። አንዱን ለሌላው ያቀርባል፤ ሦስተኛውን ባለበት ይተወዋል። ስለዚህ ጥቅሙን ስንመዝን መነሻችን የአስፋልቱ ርዝመት ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ከመንገዱ ራቅ ብሎ የሚኖረው ሰው የሚያጠፋው ሰዓትና በእጁ ያለው አቅም አብሮ ሊቆጠር ይገባል። ይህን ለማስረዳት አስቀድሜ ካርታውን፣ ቀጥሎ መሬቱን፣ ከዚያም ታሪኩን እመለከታለሁ፤ በመጨረሻም ወደ ዛሬው ሕይወት እመጣለሁ።

ጃንጥላና ዘንጎቹ

የኢትዮጵያን የዋና መንገዶች ካርታ ዘርግታችሁ ብትመለከቱ መጀመሪያ የሚታያችሁ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ከአንድ ማዕከል የሚወጡ መስመሮች ናቸው። ማዕከሉ አዲስ አበባ ነው። አንዱ ዘንግ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን፣ አንዱ ዓባይን ተሻግሮ በደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር፣ ሌሎቹም ወደ ነቀምት፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ድሬዳዋ ያመራሉ። ይህ አደረጃጀት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ መንገድ የሠራው በዋናነት ጦሩንና አስተዳደሩን ለማንቀሳቀስ ነበር፤ የጣርማበር ዋሻ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም በዓለም ባንክ ብድር ቅድሚያ ያገኘው ሥራ የነበሩትን መስመሮች መጠገን ነበር። ዘንጎቹ ጠነከሩ፤ በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ግን ለረጅም ጊዜ እንደተከፈተ ቆየ።

በሰሜን ከጎንደር በሊማሊሞ ወርዶ በሽሬና በአድዋ የሚያልፈው መንገድ የምሥራቁንና የምዕራቡን ዘንግ ያያይዝ ነበር። ከዚያ ወደ ደቡብ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ባለው ሰፊ ደጋ ላይ ግን ክረምት ከበጋ መኪና የሚያሳልፍ አቋራጭ መንገድ አልነበረም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። ከወልድያ አዲስ አበባ ወደ 520 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ባለው ነባር መንገድ ወደ 560 ኪሎ ሜትር ነው። ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ ከወልድያ ደብረ ታቦር በመኪና የሚሄድ ሰው ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዝ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በቀጥታው መንገድ ርቀቱ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። መኪና ከመምጣቱ በፊት የየጁ ነጋዴና የበጌምድር ነጋዴ ጎረቤታሞች ነበሩ። በበቅሎና በአህያ፣ በገበያ ቀን ተመርተው፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው እየተሻገሩ ይገናኙ ነበር። ከአፋር የሚወጣው አሞሌ ጨው በሰቆጣ በኩል ጣና ምሥራቅ እስካለው የይፋግ ገበያ ይደርስ ነበር። መኪና ሲመጣ ግን ርቀት የሚቆጠረው በመኪና መንገድ ሆነ፤ በመኪና መንገድ ሲቆጠር ደግሞ እነዚህ ጎረቤታሞች እጅግ ተራራቁ። ዘመናዊው መንገድ ሁሉንም ለአዲስ አበባ ሲያቀርብ እርስ በርሳቸው ግን አራርቋቸዋል። የወልድያ–ወረታ መንገድ ትርጉም የሚገባን ይህን ስንረዳ ነው። መንገዱ ቀድሞ ጎረቤት የነበሩ ሰዎችን መልሶ ጎረቤት አድርጓል።

በውኃ መለያው ላይ

አሁን ከካርታው ወደ መሬቱ እንውረድ። ከወረታ ብንነሣ መጀመሪያ የምናገኘው የፎገራ ሜዳ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ በክረምት ውኃ የሚተኛበት ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ከዚያ መንገዱ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ቀጥሎ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው በጉና ተራራ ጥግ አልፎ ወደ ጋይንት ይሻገራል። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ስሟን ማን እንዳወጣላት ባናውቅ እንኳ ለምን እንዳወጣላት አንድ ማለዳ መናኸሪያው ላይ የቆመ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ከዚያ ጨጨሆ፣ ደብረ ዘቢጥ፣ የመቄትና የዋድላ ደጋ፣ ጋሸና ይከተላሉ። ከጋሸና በኋላ ደጋው ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ወልድያ ይወርዳል።

መሐንዲሶች ይህን አቅጣጫ ለምን መረጡ? መልሱ በውኃው ላይ ነው። ከጉና እስከ ጋሸና ባለው ረጅም ርቀት መንገዱ የሚከተለው የውኃ መለያውን ጀርባ ነው። በስተ ሰሜን የሚወርደው ዝናብ ወደ ተከዜ ይሄዳል፤ በስተ ደቡብ የሚወርደው ወደ በሽሎ፣ በበሽሎም በኩል ወደ ዓባይ ይገባል። በወልድያ በኩል ከተራራው ጠርዝ በስተ ምሥራቅ የወደቀው ደግሞ ወደ አፋር ዝቅተኛ ቦታ ወርዶ ባሕር ሳይደርስ ይቀራል።

በሁለቱም ጎን ያሉት ሸለቆዎች እጅግ ጥልቅ ናቸው። ወደ ሸለቆው የወረደ መንገድ ተመልሶ መውጣት አለበት፤ በየወንዙም ድልድይ ይፈልጋል። የውኃ መለያውን የሚከተል መንገድ ግን ትልልቅ ወንዞችን አይሻገርም፤ ወንዞቹ ከእርሱ ግራና ቀኝ ይጀምራሉ እንጂ አያቋርጡትም። ስለዚህ ርካሽና አስተማማኝ አቅጣጫ ነው።

ለመሐንዲሱ የሚመቸው ለነዋሪው ሁልጊዜ አይመችም። በዚህ አገር ብዙ ሰው የሚኖረው ከጠርዙ በታች፣ በወይና ደጋውና በቆላው ተዳፋት ላይ ነው። መንገዱ ከላይ ነው፤ ማሳው፣ ቤቱና ምንጩ ከታች። የዚህ አካባቢ ሰው ወደ መንገድ «አይሄድም»፤ ወደ መንገድ ይወጣል። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

የቴዎድሮስ መንገድ

በዚህ ጀርባ ላይ መንገድ ለመሥራት ቻይናውያን የመጀመሪያዎቹ አልነበሩም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩትን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ይዘው ነበር የሚጓዙት። እንዲህ ያለ ክብደት በበቅሎ መንገድ አይሄድም። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ መንገዱን እየሠሩ ሄዱ። ድንጋይ እያስፈነቀሉ፣ ገደል እያስጠረቡ፣ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ እያነሡ በጋይንት፣ በጨጨሆና በደብረ ዘቢጥ በኩል ወደ ዋድላ ደረሱ፤ ከዚያም በዋድላና በደላንታ መካከል ያለውን ገደል፣ ቀጥሎም በሽሎን ተሻግረው በመጋቢት ወር መቅደላ ገቡ። ጉዞው ከአምስት ወር በላይ ወሰደ። እስከ ዋድላ ያለው አቅጣጫ ዛሬ ከምንነጋገርበት መንገድ ጋር በአብዛኛው የተቀራረበ ነው፤ አንዱ የውኃ መለያ በሁለት ዘመን ሁለት መንገድ ሠሪዎችን መርቷል።

ይህን ታሪክ የማነሣው ለጌጥ አይደለም። ሁለት ትምህርት ስላለው ነው። አንደኛ፣ መንገድ የሠሪውን ዓላማ ይዞ አይቀርም። በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከሰሜን መጥቶ ዋድላ ሲደርስ ወደ መቅደላ የወረደውና የወጣው ቴዎድሮስ በጠረቡት መንገድ ነበር። የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ክሌመንትስ ማርካም የመንገዱን ሥራ በአድናቆት መዝግቦታል። ንጉሡ ለመከላከያ የሠሩት መንገድ ጠላታቸውን አሳለፈ። ሁለተኛ፣ ያ መንገድ ጠጋኝ አልነበረውም። በሚያዝያ ወር ንጉሠ ነገሥቱ መቅደላ ላይ ሲያልፉ መንገዱን የሚጠብቅ ተቋም አብሮ አለፈ። ክረምት ሲመጣ ቦይ የሚጠርግለትና የተናደውን የሚያነሣለት ያጣ መንገድ ብዙ አይቆይም። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል አገሩ ወደ በቅሎ መንገዱ ተመለሰ።

የቻይና መንገድ

ኢትዮጵያና የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የመሠረቱት በ1963 ዓ.ም. ነው። በ1964 ዓ.ም. መግቢያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤጂንግን ጎበኙ፤ በዚያ ጊዜ በተደረገው የኢኮኖሚ ትብብር ስምምነት መሠረት ከተገኘው ብድር ዋነኛው ፍሬ ይህ መንገድ ሆነ። ቻይና በዚያው ዘመን ታንዛኒያንና ዛምቢያን የሚያገናኘውን የባቡር ሐዲድ ትሠራ ነበር፤ የእኛ መንገድም የዚያ የአፍሪካ ፖሊሲ አካል ነበር። ውሉን የተዋዋለው መንግሥት ወደቀ፤ ሌላ መንግሥት መጣ፤ ሥራው ግን ቀጥሎ ተጠናቀቀ። መጀመሪያ ጠጠር መንገድ ነበር፤ አስፋልት የለበሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ስሙ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ሕዝቡ መንገዱን በንጉሡም ሆነ በተከታዩ መንግሥት አልሰየመውም፤ ዶማና አካፋ ይዘው፣ ድንኳን ተክለው፣ በብርዱ ውስጥ ሲሠሩ ባያቸው ሰዎች ሰየመው።

መንገዱ ምን አመጣ?

መንገድ በመጀመሪያ የሚለውጠው የሰዎችን አሰፋፈር ነው። በደጋው ላይ ተራርቀው የነበሩ ቤቶች ወደ መንገዱ ዳር ተሰበሰቡ። ሻይ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ጎሚስታ፣ የእህል መጋዘን፣ ሱቅ ተደረደሩ። ጋሸና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ወደ ላሊበላ የሚገነጠለው፣ ከ60 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጠው መንገድ የሚነሣው ከእርሷ ነው። ለገና በዓል ወደ ላሊበላ የሚጎርፈው ምዕመን በአብዛኛው በዚህች መገንጠያ ያልፋል። መገንጠያ መሆን ብቻውን ከተማ ይሠራል።

ቀጥሎ የሚለወጠው ንግድ ነው። ይህ መንገድ በተለያየ ከፍታ ላይ ያሉ፣ የተለያየ ነገር የሚያመርቱ አካባቢዎችን በአንድ መስመር ላይ ሰክቷቸዋል። ፎገራ የሩዝ አገር ሆኗል፤ በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ይታያሉ። ጋይንትና መቄት ገብስ፣ ድንች፣ ምስርና በግ ያቀርባሉ። በወልድያ በኩል ያለው መንገድ በሚሌ ወደ ጅቡቲ ወደብ ይወስዳል፤ ስለዚህ ከመተማ በኩል የሚመጣ ሰሊጥ የጫነ ተሳቢ መኪና አዲስ አበባን ሳይረግጥ ወደብ ሊደርስ ይችላል። የጃንጥላው ሁለት ዘንጎች ሲያያዙ ማዕከሉን ሳይነኩ መነገድ ይቻላል ማለት ነው።

ሦስተኛው ለውጥ በቀላሉ የማይቆጠረው ነው። በምጥ የተያዘች የጋይንት እናት ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የምትደርስበት ሰዓት፣ የመቄት ልጅ ትምህርቱን ለመቀጠል የሚሄድበት ርቀት፣ በወልድያ የተዳረች ልጅ ወላጆቿን የምትጠይቅበት ጊዜ ናቸው። በመንገዱ ላይና ጫፍ ላይ ዛሬ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ የወልድያና የደብረ ታቦር። ከመካከላችሁ በዚህ መንገድ ሻንጣችሁን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭናችሁ የመጣችሁ እንደምትኖሩ አልጠራጠርም።

መንገድ በነበረበት የተከሠተ ረኀብ

እስካሁን የተናገርኩት የመንገድን በጎ ጎን ነው። አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እገባለሁ። መንገድ ከረኀብ ያድናል?

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ላይ የደረሰውን እልቂት ታስታውሳላችሁ፤ ያልነበራችሁበትም ተምራችሁታል። ያ ረኀብ የደረሰው መንገድ ባልነበረበት ቦታ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ ወደ ሰሜን የሚወስደው የአገሪቱ አንጋፋ አውራ ጎዳና በመካከሉ ያልፍ ነበር። የተራበው ሕዝብ ከየተራራው ወርዶ የተሰበሰበውም በዚሁ መንገድ ዳር ነበር። በ1977 ዓ.ም. ይኸው ነገር ተደገመ፤ ዓለም በቴሌቪዥን ያያት ኮረም የዚያው የሰሜን መንገድ ከተማ ናት።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረኀብ በሚያትት መጽሐፉ የወሎን ጉዳይ መርምሯል። ያገኘው ነገር ለብዙዎች አስደንጋጭ ነበር። በረኀቡ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሄደ እህል ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው። ገበሬው አዝመራው ሲጠፋ የሚበላው ብቻ አይደለም የጠፋው፤ የሚገዛበትም ጠፋ። ከብቱ ከሥቷል ወይም ሞቷል፤ የቀረውም በርካሽ ይሸጣል። ገበያ የሚሰማው ገንዘብ ያለውን ሰው ነው፤ የተራበ ግን ባዶ እጅ የሆነ ሰው ለገበያ ድምፅ የለውም። ስለዚህ እህል የጫነው መኪና ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል፤ የሚሄደውም በዚያው መንገድ ነው። መንገድ ሁለት አቅጣጫ እንዳለው የምንረሳው እዚህ ላይ ነው። የሚያስገባውን ያህል ያስወጣል።

ሴንን የተቹ ተመራማሪዎች አሉ። አውራ ጎዳናው አንድ መስመር ነው፤ አብዛኛው ገበሬ ግን ከመስመሩ የቀናት የእግር ጉዞ ርቆ ይኖር ነበር፤ ስለዚህ «መንገድ ነበረ» ማለት «መንገድ ለሁሉም ነበረ» ማለት አይደለም ይላሉ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ስለ ኢትዮጵያ የገጠር ረኀብ በጻፉት ጥናት ዓይናችንን ወደ ገበሬው ተጋላጭነት መልሰውታል፤ ድርቁ ቀስቃሽ ነው እንጂ ሥሩ ገበሬው ከእጅ ወደ አፍ በሆነ ኑሮ ላይ፣ ምንም መጠባበቂያ ሳይኖረው መቆሙ ነው።

እነዚህ አስተያየቶች እርስ በርስ የሚጣሉ አይመስሉኝም። አንድ ላይ ስናነባቸው ረኀብን ለመከላከል ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ እንደሚያስፈልጉ እንረዳለን፦ እህል የሚያደርስ መንገድ፣ ወደዚያ መንገድ የሚያደርስ መንገድ፣ በገበሬውም እጅ የሚገዛበት አቅም። የወልድያ–ወረታ መንገድ የመጀመሪያውን ሰጥቷል። የፎገራ ምርት ክፉ ዘመን በመጣ ጊዜ በአንድ ቀን ወደ ወሎ ሊደርስ ይችላል። ሌሎቹን ሁለቱን ግን ይህ መንገድ ብቻውን ሊሰጥ አይችልም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ሰዉ «ሴፍቲኔት» የሚለው መርሐ ግብር ከዚህ አንጻር ሊጠና የሚገባው ነው። ለተቸገረው ቤተሰብ ገንዘብ ወይም እህል ይሰጣል፤ በለውጡ ደግሞ ሥራ የሚችለው ሰው እርከንና የገጠር መንገድ ይሠራል። በሐሳብ ደረጃ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነገር በአንድ እጅ ይይዛል። በተግባር ምን ያህል እንደተሳካ ግን በየወረዳው መመርመር አለበት።

ሁለት ኪሎ ሜትር ስንት ሰዓት ነው?

ከላይ «ወደ መንገድ ይወጣል» ያልኩትን አሁን ላንሣው። የገጠር መንገድ ተደራሽነትን ለመለካት በዓለም ላይ የታወቀ አንድ መለኪያ አለ፤ ክረምት ከበጋ ከሚያገለግል መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚኖረው የገጠር ሕዝብ ድርሻ ነው። 2 ኪሎ ሜትር የተመረጠው በሜዳ ላይ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ የእግር መንገድ ስለሆነ ነው።

ሆኖም ይህ መለኪያ የተስማማው ለሜዳ ነው። ተራራ ወጪው ስኮትላንዳዊ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት አለ፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ቁጠር ይላል። በካርታ ላይ ከመንገዱ 2 ኪሎ ሜትር የራቀ፣ በከፍታ ግን 600 ሜትር ዝቅ ያለ ቤት እናስብ። በአግድሙ 24 ደቂቃ፣ በዳገቱ 60 ደቂቃ፣ በድምሩ 84 ደቂቃ ይሆናል። ይህም ጤነኛ፣ ባዶ እጁን ያለ ሰው ነው። ማዳበሪያ ለተሸከመ፣ ሕመምተኛ በቃሬዛ ለያዘ፣ ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት ስንት ይሆናል? በመለኪያው መሠረት ይህ ቤተሰብ «መንገድ ያለው» ነው። ወደ ተከዜና ወደ በሽሎ በሚወርዱት ተዳፋቶች ላይ እንዲህ ያለው ቤት ብዙ ነው።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ ጋር ለማገናኘት ሰፊ የገጠር መንገድ ፕሮግራም ተካሂዷል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለውን መሬት ከሜዳው ጋር በአንድ ሚዛን ከለካነው ቁጥሩ ያታልለናል። ስለዚህ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምለው ይህን ነው፦ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፤ አጠገቡ ግን ሰዓቱን ጻፉ።

ከመንገዱ የሚወርደው ውኃ

ከታች የሚኖረው ሰው ከመንገዱ የሚደርሰው ጥቅም ሲዘገይ ጉዳቱ ግን ፈጥኖ ሊደርሰው ይችላል። መንገድ ዝናብን ይሰበስባል። ቀድሞ በተዳፋቱ ሁሉ ተበትኖ ይወርድ የነበረው ውኃ በጎን ቦይ ተጠራቅሞ በአንድ ቱቦ በኩል ይለቀቃል። የተለቀቀበት ቦታ የአንድ ገበሬ ማሳ ከሆነ በጥቂት ክረምት ማሳው ቦረቦር ይሆናል። በመቐለ–አድዋ መንገድ ላይ የተካሄደ የመስክ ጥናት መንገዱ ከተሠራ በኋላ በቱቦዎች ሥር አዳዲስ ቦረቦሮች መፈጠራቸውን በዝርዝር አሳይቷል። በደጋው ላይ የሚሄደው የእኛ መንገድም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም።

መድኃኒቱ የሚታወቅ ነው። ውኃውን በአንድ ቦታ ከመልቀቅ ይልቅ በብዙ ቦታ መከፋፈል፣ መውጫውን በድንጋይ ማጠናከር፣ ከተቻለም ወደ ኩሬ ወይም ወደ ማሳ መምራት ነው። በትግራይና በአማራ ክልል ከመንገድ የሚወርድ ውኃን ለእርሻ የማዋል ሥራ ተሞክሯል፤ ጉዳቱንም ወደ ጥቅም መለወጥ እንደሚቻል አሳይቷል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው መሐንዲሱ ቱቦውን ከመቅበሩ በፊት ከታች ያለውን ገበሬ ሲጠይቅ ነው።

መንገዱ ሲዘጋ

የአንድን መንገድ ዋጋ በደንብ የምናውቀው ሲዘጋ ነው። ይህ መስመር የውጊያ መስመር የሆነበት ጊዜ ነበር። በ1982 ዓ.ም. በደብረ ታቦርና በጉና አካባቢ ከባድ ውጊያ ተካሂዷል። በ2013 ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ነፋስ መውጫና ጋሸና ከእጅ ወደ እጅ ሲለዋወጡ መንገዱ ተዘጋ። ጋሸናን ከተማ ያደረጋት መገንጠያነቷ ነው፤ ጦር የሚፈልጋት ቦታ ያደረጋትም ያው መገንጠያነቷ ነው።

መንገዱ በተዘጋበት ጊዜ የሆነውን በጥሞና ብናጤነው መልካም ነው። በላሊበላ እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሉ ብቻ አልተጎዳም፤ ለሆቴሉ እንቁላልና ድንች የሚያቀርበው ገበሬም ተጎዳ። መድኃኒት ከደብረ ታቦር ወይም ከወልድያ የሚመጣለት ጤና ጣቢያ ባዶ ሆነ። መንገዱ ከመሠራቱ በፊት ያለእርሱ ይኖር የነበረ ኅብረተሰብ አሁን ያለእርሱ መኖር ከብዶታል። መንገድ ከተሠራ በኋላ ጥገኝነትም አብሮ ይሠራል፤ ስለዚህ መንገዱን ክፍት ማድረግና መጠገን ከመሥራቱ ያላነሰ ግዴታ ነው።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ አድማጮቼ፤

ስለ አንድ መንገድ ይህን ያህል መናገሬ የበዛ መስሏችሁ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህ መንገድ የያዘው ጥያቄ በሌላም ቦታ የሚነሣ ነው። ቴዎድሮስ የሠሩት መንገድ አንድ ከባድ ነገር ለማሳለፍ ነበር፤ ጠጋኝ አጥቶ ጠፋ። ጣሊያን ያጠናከራቸው ዘንጎች ሁሉን ወደ መሐል ሳቡ። የቻይናው መንገድ ሁለቱን ዘንጎች አያይዞ የጥንቱን ጉርብትና መለሰ፤ ግን ከጠርዙ በታች ያለውን ሰው ገና ሙሉ በሙሉ አልጨመረውም።

ለተመራማሪዎቻችንና በተለይ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች ሦስት የቤት ሥራ ልተውላችሁ። በአንድ የመቄት ወይም የላይ ጋይንት ቀበሌ ከቤት እስከ መንገድ ያለውን ርቀት በሰዓት ለኩ፤ የወንዱን፣ የሴቷን፣ የሽማግሌውን፣ የሸክም ተሸካሚውን ለየብቻ። በአንድ የገበያ ቀን ወደ መንገዱ የወጣውንና ከመንገዱ የወረደውን ነገር መዝግቡ፤ ማን ሸጠ፣ ማን ገዛ፣ በምን ዋጋ። በአንድ ክረምት ከአንድ ቱቦ ሥር ቁሙና ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ተከተሉ። እነዚህ ሦስት መዝገቦች ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ ግን እስካሁን በበቂ ያልተሠሩ ጥናቶች ናቸው።

በመጨረሻ፣ በዚህ መንገድ በአውቶቡስ የሚጓዝ ሰው በመስኮቱ የሚያየው በደጋው ላይ ያለውን ሰው ነው። አንድ ጊዜ ግን ጨጨሆ ላይ ወይም ጋሸና አጠገብ ወርዳችሁ ወደ ጠርዙ ቅረቡና ቁልቁል ተመልከቱ። ከታች፣ እስከ ሸለቆው ድረስ፣ የሣርና የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ቤቶች ይታያሉ። የዚህ መንገድ ቀሪ ሥራ ከዚያ ይጀምራል።